«ፈርሚ ሲሉኝ እጄ ተንቀጠቀጠ»

ጤና ይስጥልኝ። ዓምድዎን ሁልጊዜ አነባለሁ፤ ጽፌ ግን አላውቅም። የ41 ዓመት ሴት ነኝ። ሀዋሳ ውስጥ የአንደኛ ደረጃ መምህርት ነኝ። ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት ነኝ፤ ትልቋ 14 ዓመቷ ነው፣ ትንሹ 8።

አንገቴ ላይ እንቅርት ካለብኝ ቆይቷል። መጀመሪያ ነጠላ ጣል ሳደርግበት አይታይም ነበር። አሁን ግን ስተኛ ትንፋሽ ያጥረኛል፣ እህል ስውጥ ይይዘኛል፣ ልቤ ያለ ምክንያት ድው ድው ይላል። ስመረመር ሆርሞኑ ከፍ ብሏል ተብዬ ኪኒን ተጀመረልኝ። ቆይተው ደግሞ «የሚያዋጣሽ ኦፕሬሽን ነው» አሉኝና ለነሐሴ 20 ተቀጠርኩ። ቀኑን የመረጥኩት እኔው ነኝ። ክረምት ስለሆነ ትምህርት ቤት ማንም ሳያውቅ ገብቼ እወጣለሁ ብዬ ነው።

ያን ቀን ወረቀት ሰጥተው ፈርሚ ሲሉኝ እጄ ተንቀጠቀጠ። የሞቴን ውል የምፈርም ነው የመሰለኝ። ድሮ ጎረቤታችን የነበረች ሴት ለኦፕሬሽን ገብታ ሳትነቃ ቀርታለች፤ አሁን ዓይኔን በጨፈንኩ ቁጥር እሷ ናት የምትመጣብኝ። ሌላው ድምፄ ነው። «ነርቩ ከተነካ ድምፅሽ ይሄዳል» ብለውኛል። እኔ ደግሞ እንጀራዬ ድምፄ ነው።

ባለቤቴ የሞያሌ መስመር የከባድ መኪና ሹፌር ነው። ቀኑን ያውቃል፣ መፍራቴን ግን አያውቅም። አንዴ ልነግረው ስሞክር «ኧረ አታካብጂ፤ ስንቱ ገብቶ ይወጣ የለ» አለኝና ዝም አልኩ። እናቴ ይርጋለም ናት፤ ግፊት ስላለባት አልነገርኳትም። እሷ የምታውቀው ለፍልሰታ አብረን ሱባኤ እንደምንገባና ጠበል እንደምጠመቅ ነው። እውነቱን ልንገርዎትና ጠበል ከጀመርኩ ወዲህ ኪኒኑን ትቼዋለሁ። ጠበልና መድኃኒት አብሮ አይሄድም ብለውኝ ነው። አንዲት የባህል መድኃኒት የምታውቅ ሴት በማር የተለወሰ ነገር ሰጥታኝ ጠዋት ጠዋት እሱን እልሳለሁ። ይቆጣኛል ብዬ ለሐኪሙ አልነገርኩትም።

ሌሊት እንቅልፍ የለኝም። ባለፈው ተነስቼ የባንክና የእቁብ ደብተሬን ፖስታ ውስጥ ከተትኩ። ለልጄም ደብዳቤ ጻፍኩላትና ቁም ሳጥን ውስጥ ልብስ ሥር ደበቅሁት። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ሆኖብኛል፤ ሕመሙ ሳያንስ ጭንቀቱ ሊጨርሰኝ ነው። ምን በድዬ ነው ይሄ የመጣብኝ? ልሰርዘው? ላራዝመው? ወይስ ዓይኔን ጨፍኜ ልግባ?

መምህርቷ ነኝ፣ ከሀዋሳ

መልስ

እህቴ፣ ልሰርዝ ወይስ ልግባ ላልሽው እመለስበታለሁ። እኔን ያስደነገጠኝ ግን መሃል ላይ እንደ ዋዛ ጣል አድርገሽው ያለፍሽው ነገር ነው። ኪኒኑን ትቼዋለሁ ብለሻል። ሐኪሙም አያውቅም። ስለዚህ ስለ ፍርሃትሽ ከማውራታችን በፊት ስለ ኪኒኑ እናውራ።

እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ የምልሽን ሁሉ ከሐኪምሽ ጋር አመሳክሪው። ነገሩ ግን እንዲህ ነው። አብጦ ብቻ የሚቀመጥ እንቅርት አለ፤ ሆርሞን ከልክ በላይ የሚያመነጭም አለ። የአንቺ ሁለተኛው ነው። እንዲህ ያለው እንቅርት ሆርሞኑ ሳይስተካከል ኦፕሬሽን ከተደረገ በኦፕሬሽኑ ሰዓት ወይም ከዚያ በኋላ ከባድ ቀውስ ሊያስነሳ ይችላል። ትኩሳቱ ይወጣል፣ ልብ ከቁጥጥር ውጭ ይሮጣል፣ ለሕይወት ያሰጋል። ሐኪሞች አስቀድመው ኪኒን የሚያስጀምሩት ለዚህ ነው። ብዙ ጊዜ የሚያዙት ሆርሞኑን የሚቀንሰውን ፒቲዩንና የልብ ምትን የሚያረጋጋውን ፕሮፕራኖሎልን ነው። የአንቺን ኪኒን ስም አልጻፍሽልኝም፤ ከእነዚህ አንዱ ወይም ሁለቱም ይሆናል ብዬ እገምታለሁ።

አንቺ የምትፈሪው ማደንዘዣውን ነው። እኔ ብሆን የምፈራው ያቋረጥኩትን ኪኒን ነበር።

ስለዚህ ነሐሴ 20ን አትጠብቂ። ነገ፣ ቢበዛ ከነገ ወዲያ፣ ካርድሽን ይዘሽ ሂጂ። ያቺን የማር ብልቃጥም ቦርሳሽ ውስጥ ክተቻት። ምን ብዬ ልጀምር ካልሽ እንዲህ በይው፦ «ዶክተር፣ ኪኒኑን ከዚህ ቀን ጀምሬ አልወሰድኩም። ይሄን ደግሞ እየወሰድኩ ነው። ኦፕሬሽኑን ይነካዋል ወይ?» በቃ፣ ይሄው ነው። ቢቆጣ ይቆጣ። የሁለት ደቂቃ ቁጣ ነው። ምናልባትም አይቆጣም፤ ኪኒን ትቶ የሚመጣ የመጀመሪያዋ ሰው አንቺ አይደለሽም። ያመለጠኝን ላካክስ ብለሽ ግን ሁለት ሦስቱን በአንዴ እንዳትውጪ። መጠኑን እሱ ይንገርሽ። ከዚያ በፊት ትኩሳት ተነስቶብሽ ልብሽ አልረጋ ካለ ወይም ነገር ከተምታታብሽ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ግቢ። አንድ ሌላ ነገር፣ ክረምት ስለሆነ ነው የማነሳው። ፒቲዩ እየወሰድሽ ትኩሳትና የጉሮሮ ሕመም አብረው ቢመጡብሽ ጉንፋን ነው ብለሽ አትለፊው። መድኃኒቱ አልፎ አልፎ ነጭ የደም ሴል ስለሚቀንስ በዚያው ቀን ደም መታየት አለብሽ።

ስለ ማሩ ብዙ አልልም። ምን እንደተለወሰበት አናውቅም። ችግሩም ይሄው ነው። ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል እንኳ ሲበዛ ደም ቶሎ እንዳይረጋ ሊያደርግ ስለሚችል፣ ማደንዘዣ የሚሰጡ ባለሙያዎች ከኦፕሬሽን በፊት ምን እየወሰድሽ ነው ብለው ይጠይቃሉ። እስክታሳዪው ድረስ አትላሽው። አስፕሪን ወይም ሌላ ማስታገሻ እቤት ካለሽና ከወሰድሽም ንገሪያቸው።

አሁን ወደ እጅሽ እንምጣ። ልብ ድው ድው ማለት፣ እጅ መንቀጥቀጥ፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ያለ ምክንያት መሸበር የፍርሃት ምልክቶች ናቸው። ሆርሞኑ ሲበዛም የሚመጡት እነዚሁ ናቸው። ሁለቱን መለየት ለአንቺም ይከብድሻል፣ ለሐኪምም ያለ ምርመራ ይከብደዋል። ስትፈርሚ የተንቀጠቀጠው እጅሽ ገሚሱ ፍርሃት፣ ገሚሱ እንቅርቱ ሊሆን ይችላል። ሌሊት የሚያስነሳሽም እንደዚሁ። ይህን የምልሽ ፍርሃትሽን ለማናናቅ አይደለም። ራስሽን ፈሪ እያልሽ እየረገምሽ ከሆነ እንድትተዪው ነው። ኪኒኑ ተስተካክሎ ሥራውን ሲጀምር የጭንቀቱም ገሚስ አብሮ ሲረግብ ልታዪው ትችያለሽ። ቀሪውን ያኔ በሰከነ ልብ እንነጋገርበታለን።

ምን በድዬ ነው ብለሻል። ምንም አልበደልሽም። ለእንቅርት ዋነኛ መነሻ ከሚባሉት አንዱ ከምግብ የምናገኘው አዮዲን ማነሱ ነው። በአገራችን ደጋማ ቦታዎች አፈሩ በጎርፍ ስለሚታጠብ አዮዲኑ አብሮ ይሄዳል። ጨው ላይ አዮዲን እንዲጨመር የሚያዝዘው የመንግሥት ደንብ የወጣውም በ2003 ዓ.ም ነው። በዘር የሚመጣም አለ። ከኃጢአት ጋር አታገናኚው።

ጠበሉን ተዪ ልልሽ አይደለም። ጠበልና መድኃኒት አይሄድም ያለሽ ሰው ማን እንደሆነ አላውቅም፤ ቤተ ክርስቲያኒቱ ግን እንደዚያ አላለችም። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በሕይወት ሳሉ የኤችአይቪ ሕሙማን ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ በአደባባይ ተናግረዋል። የንስሐ አባት ካለሽ ነገሩን ለእሳቸው አስረጂያቸው። ፍልሰታ ከነሐሴ 1 እስከ 16 ነው፤ ቀጠሮሽ ከፍቺው በኋላ አራት ቀን ብቻ ነው ያለው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባዶ ሆድሽን እየዋልሽ በቀን ሁለትና ሦስት ጊዜ የሚወሰድ ኪኒን በሰዓቱ መዋጥ አይሆንልሽም። ሰውነትሽም ስንቅ ሳይዝ ኦፕሬሽን ይገባል። ሆርሞኑ ሲበዛ እንደሆነ ሰው ያከሳል። ቀሚስሽ ሰፍቶሽ ይሆን? ለታመመ ሰው ጾሙ እንደሚቀልለት ከእኔ ይልቅ የንስሐ አባትሽ ያውቁታል። ጾሙን ፈትቼ ወተትና እንቁላል አልበላም ካልሽም ሽሮው፣ ምስሩ፣ ባቄላው አለ፤ ብቻ በጠዋት ይጀመር፣ መጠኑም አይነስ።

እናትሽ ጋ እንድረስ። እዚህ ላይ የአንድ ወገን መልስ የለኝም። ግፊት ያለባትን እናት ላለማስደንገጥ ብሎ መደበቅ አገር የሚያውቀው ልማዳችን ነው። አንዳንዴም ትክክል ነው። ግን እስቲ ራስሽን ጠይቂ፤ የምትጠብቂው የእሷን ግፊት ነው ወይስ እሷ ስታለቅስ ማየቱ ነው የከበደሽ? ሁለተኛው ከሆነ አልፈርድብሽም። ብቻ ሱባኤ አብረን እንገባለን ብላ እየጠበቀች ነው። አንቺ ስትቀሪ ምን ልትያት ነው? ሀዋሳና ይርጋለም ደግሞ እንኳን የኦፕሬሽን ወሬ የጉንፋን ወሬም ሳይዘገይ የሚደርስበት ርቀት ነው። ሆስፒታል ያየሽ አንድ የሰፈር ሰው ቀድሞ «ልጅሽ እንዴት ሆነች?» ብሎ ቢደውልላት ያኔ ነው ግፊቷ የሚነሳው።

እኔ የሚታየኝ ብትነግሪያት ነው። በስልክ ግን አይሁን። መጀመሪያ ሐኪሙን አግኚ፤ ምን እንደሚደረግ በደንብ ግባሽ። ከዚያ አንድ ቀን ሄደሽ ቡና እያፈላችሁ ንገሪያት። የግፊት መድኃኒቷን መውሰዷን አይተሽ። ከሞት አትጀምሪ፣ ከትንፋሹ ጀምሪ፦ «እማዬ፣ ስተኛ ትንፋሽ ያጥረኛል፤ ሐኪሞቹ ይሄን እናውጣልሽ ብለውኛል።» ሥራም ስጫት። እናቶች ሥራ ሲኖራቸው ጭንቀታቸው ይቀንሳል። ሱባኤውን እሷ ትያዝልሽ፣ አንቺ ኪኒንሽን ያዢ። ወይም ትንሹን ልጅ ታስተዳድርልሽ። አይ፣ አልችልም፣ ከወጣሁ በኋላ ነው የምነግራት ካልሽም የሰማይ ቁጣ የለውም። ያኔ ግን ወንድም ወይም እህት ካለሽ ቀድሞ ይወቅ፤ እሷን የሚይዝላት ሰው ይኑር።

ባለቤትሽን በተመለከተ «አታካብጂ» ያለሽ ቀሎት አይመስለኝም። ብዙ ወንድ ሲፈራ የሚለው ይህንኑ ነው። ሌሊቱን በሐሳብ እየነዳ ሊሆንም ይችላል። ፈርቻለሁ ብሎ ማውራት ካልሆነላችሁ ከፍርሃቱ አትጀምሪ፣ ከሚሠራው ነገር ጀምሪ። መሪ ላይ እያለ ሳይሆን መኪናውን አቁሞ ሲያርፍ ደውዪለትና «ነሐሴ 19፣ 20 እና 21 መስመር እንዳትወጣ። አስታማሚዬ አንተ ነህ» በይው። ይሄን ሰምቶ አታካብጂ አይልም። ከዚያ ቀስ ብሎ የጎረቤታችሁ ነገር፣ የሌሊቱ ነገር ይነሳል። ሴት አስታማሚ የግድ ነው ካሉሽ ደግሞ ሌሊቱን የምታድር ሴት ዘመድ ወይም ጎረቤት ከአሁኑ ያዢ። ከውጭ የሚገዛ መድኃኒትም ሆነ ዕቃ ካለ ዝርዝሩን ቀድማችሁ ተቀበሉ፤ በዕለቱ ጠዋት ፋርማሲ ለፋርማሲ እንዳይሮጥ። ደም ያስፈልግ እንደሆነም ጠይቁ።

ልጅሽስ? የ14 ዓመት ልጅ ያላወቀች እንዳይመስልሽ። እናቷ ሌሊት ስትነሳ ትሰማለች፣ ነጠላው ሥር ያለውንም ታየዋለች። አሁን ደግሞ አንዱን ቀን ሹራብ ፍለጋ ቁም ሳጥኑን ከፍታ ፖስታውን ብታገኘው አስቢው። ደብተሮቹን ማሰናዳትሽ ጥሩ ነው። ሟርት አይደለም፤ ስንቱ ቤት ደብተሩ የት እንዳለ ሳይታወቅ ይቸገራል። ግን ቦታውን ለባለቤትሽ ንገሪው። ደብዳቤውን ከዚያ አውጪው። እስቲ ደግመሽ አንብቢው፤ ከጻፍሽላት ውስጥ ዛሬ በአፍሽ ልትነግሪያት የምትችዪው የለም? ኦፕሬሽኑን ግን ሁለቱም ልጆች ይወቁ። ለትንሹ አጭር ይበቃል፤ «አንገቴ ላይ ያለውን ሐኪም ያወጣልኛል፣ ሁለት ሦስት ቀን ሆስፒታል አድራለሁ፣ አባባ አለ» በይው።

ስለ ማደንዘዣው ደግሞ እውነቱን ልንገርሽ። ምንም አይደለም ብዬ አልሸነግልሽም። አደጋው ዜሮ የሆነ ኦፕሬሽን የለም። ነገር ግን ጎረቤታችሁ ለምን እንዳልነቃች አንቺም እኔም አናውቅም። በድንገተኛ ገብታ ይሆን? ሌላ ሕመም ነበረባት? የእሷን መጨረሻ ተውሰሽ የራስሽ አታድርጊው። በቀጠሮ፣ ሆርሞን ተስተካክሎ፣ ተዘጋጅቶ የሚደረግ የእንቅርት ኦፕሬሽን ላይ ሞት ብርቅ ነው። ማደንዘዣ ሰጪው መርፌ ወግቶ የሚሄድ ሰው አይደለም። እስክትነቂ ድረስ ከራስጌሽ አይለይም፤ ትንፋሽሽን፣ የልብ ምትሽን፣ ግፊትሽን፣ ኦክስጅንሽን ይከታተላል። ከኦፕሬሽኑ በፊት ላግኘው ብለሽ ጠይቂ። ስታገኚው ደግሞ አንድ ነገር ሳትነግሪው እንዳትወጪ፦ ስትተኚ ትንፋሽ ያጥርሻል። ስንት ትራስ ደርበሽ ነው የምትተኚው? በየትኛው ጎንሽ ይብስብሻል? እንቅርቱ የአየር ቧንቧሽን ተጭኖት ከሆነ ቱቦውን የሚያስገባበትን መንገድ ቀድሞ ማሰብ አለበት። ይቺ መረጃ ከአሥር ሌሊት ጭንቀት በላይ ትጠቅምሻለች።

ድምፅሽም እንደዚሁ። የድምፅ አውታርን የሚያንቀሳቅሱ ሁለት ቀጫጭን ነርቮች በግራና በቀኝ፣ በእንቅርቱ ጀርባ ተጠግተው ያልፋሉ። ስለዚህ የነገሩሽ ውሸት አይደለም። ግን ሙሉውን አልነገሩሽም። ልምድ ባለው ሐኪም እጅ ነርቩ ለዘለቄታው የሚጎዳው ከ100 ሰው ከ1 እስከ 2 በሚሆነው ላይ ነው። እንቅርቱ በጣም ትልቅ ከሆነ ቁጥሩ ከፍ ሊል ይችላል። ለጊዜው ድምፃቸው የሚጎረንን ብዙ ናቸው፤ በሳምንታት ወይም በወራት ውስጥ ይመለስላቸዋል። በቱቦው ምክንያት ብቻ ጉሮሮ የሚከረክረው ደግሞ በጥቂት ቀን ይለቃል። ድምፅን ከፍ አድርጎ ለመጣራት የሚያገለግል ሌላ ነርቭም አለ። እሱ ለዘማሪና ለመምህር ነው የሚታወቀው። ስለዚህ ቀዶ ሐኪሙን «እኔ መምህርት ነኝ፤ በድምፄ ነው የምኖረው» በይው። የድምፅ አውታርሽን ከኦፕሬሽኑ በፊት እንዲያዩልሽ ጠይቂ። ስንት እንዲህ ያለ ኦፕሬሽን እንደሠራ ብትጠይቂውም ነውር አይደለም። ሙሉውን ነው የሚያወጣው ወይስ ገሚሱን? ሙሉው ከወጣ ሆርሞኑን የሚተካ ኪኒን ዕድሜ ልክ በየጠዋቱ በባዶ ሆድ ትውጫለሽ። ከቡና ደግሞ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ቀድሞ መሆን አለበት፤ ቡናው እንዳይሠራ ያደርገዋል።

ስለ ፊርማው ይሄንኑ ልበል። ያ ወረቀት ምን እንደሚደረግልሽ ተነግሮሽ ተስማምቻለሁ የምትዪበት ነው። ብትሞቺ አንጠየቅም የሚል ውል አይደለም። ሳይገባሽ ፈርመሽ ከሆነም አልመሸም። ጥያቄዎችሽን ወረቀት ላይ ጽፈሽ ሂጂ፤ ሐኪም ፊት ስንቀመጥ ሁላችንም የያዝነው ይጠፋናል።

አሁን ልሰርዘው ወይ ወዳልሽው። መሰረዙን አልመክርሽም። ብትሰርዢው እንቅርቱ አይሰረዝልሽም፤ አሁን እንኳ ትንፋሽሽንና ጉሮሮሽን ይዞታል። ልብሽ ካልረጋ ሌላ ሐኪም ጋ ሄደሽ አስተያየት መጠየቅ መብትሽ ነው። ማራዘም ግን ሌላ ነገር ነው። ኪኒኑን ስላቋረጥሽ ሐኪሙ ደምሽን አይቶ «ነሐሴ 20 አይሆንም» ሊልሽ ይችላል። ሆርሞኑ እስኪስተካከል ሳምንታት ይፈልጋል። ያ ከሆነ ቀኑ የትምህርት ወቅት ውስጥ ይገባል፣ ማንም ሳያውቅ ያልሽውም ይቀራል። እንደሚያናድድሽ አውቃለሁ። ግን በእኔ እምነት ለርዕሰ መምህሩ አስቀድሞ መናገሩ ይሻልሻል። በክረምት ብትገቢም እኮ መስከረም ላይ አንገትሽ ላይ ጠባሳ ይዘሽ፣ ምናልባትም ድምፅሽ ጎርነኖ ነው ክፍል የምትገቢው። በየተራ ለእያንዳንዱ መምህር ከማስረዳት ዛሬ ለአንድ ሰው መንገር ይቀላል። የሕመም ፈቃድሽም በወጉ ይያዛል።

እስከዚያ ሰውነትሽን አዘጋጂ። ልብሽ ከረጋና ሐኪሙ ከፈቀደ ጠዋት ጠዋት ፍቅር ሐይቅ ዳር ቀስ ብለሽ ተራመጂ። እያወራሽ መራመድ የምትችዪው ዓይነት ይሁን፤ የታቦር ተራራን ለጊዜው እርሺው። ሲዳማ ውስጥ ተቀምጠሽ ቡና አትጠጪም ብዬ አልገምትም። ቡና የልብ ምቱን ያብሰዋል፤ በኦፕሬሽኑ ዕለት በድንገት ሲቋረጥ ደግሞ ራስ ምታቱ አይጣል ነው። ስለዚህ ከአሁኑ ቀንሺው፤ ከሦስተኛው ጀምሪ፣ ከዚያ ቶናውን ተዪው። ጉንፋን የያዘው ሰው ጋ አትጠጊ፤ ከያዘሽም ቀድመሽ ደውይላቸው።

የዋዜማውን ነገር ቶሎ ቶሎ ልንገርሽ። ገላሽን ታጠቢ። የጥፍር ቀለም ወይም ሂና ካለሽ ይልቀቅ፤ ኦክስጅን የሚለካው ነገር ጣትሽ ላይ ነው የሚሰካው። ሹሩባሽን ማጅራትሽ ላይ አትቋጥሪው፤ አንገትሽ ወደ ኋላ ተደግፎ ነው የሚሠራው። ከፊት የሚቆለፍ ልብስ ያዢ። ማተብ ካሰርሽ ደግሞ ይሄን አስቢበት፤ ኦፕሬሽኑ የሚደረገው ማተብ በሚያርፍበት ቦታ ላይ ነው። ነርሷ ልትፈታልሽ ስትመጣ ከመደንገጥ አስቀድመሽ እናትሽ ወይም የንስሐ አባትሽ ፈትተው እጅሽ ላይ ይሰሩልሽ። ከእጅም ይውለቅ ካሉ ባለቤትሽ ይያዘው። ምግብ አቁሚ በተባልሽበት ሰዓት አቁሚ፤ ብዙ ጊዜ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ጀምሮ ይሉሻል። አቅም ይሁናት ብለው በድብቅ አጥሚት የሚያቀምሱ አስታማሚዎች አሉና ለእነሱም ንገሪ። ሆድ ውስጥ ያለ ነገር በማደንዘዣ ጊዜ ወደ ሳንባ ከገባ ያንቃል። የጠዋቱ ኪኒንሽ ግን በትንሽ ውኃ ይወሰድ እንደሆነ ጠይቂ፤ ባዶ ሆድ ስለተባልሽ ብቻ አትዝለዪው።

ከወጣሽ በኋላ ከንፈርሽንና የጣቶችሽን ጫፍ ከጠቀጠቀሽ ወይም ከነዘረሽ ለነርሷ ንገሪ፤ ካልሲየም ሲቀንስ የሚመጣ ነው፣ ይታከማል። አንገትሽ በድንገት ቢያብጥና ትንፋሽ ቢያጥርሽ ግን አፍታም አትቆዪ፣ አስታማሚሽ ጮኾ ይጥራ። ጳጉሜን 3 የሩፋኤል ዝናብ ላይ ልጠመቅ ካልሽ ቁስሉ መድረቁን ሐኪሙ ይንገርሽ።

ቀሪው የጠያቂ ነገር ነው። እግዜር ይማርሽ ሊልሽ የሚመጣው ሰው ሁሉ ከሀ እስከ ፐ እንድትተርኪለት ይፈልጋል። አንዷ ደግሞ ብርቱካኑን ሳታስቀምጥ «የእኔ አክስት እንዲሁ ገብታ...» ብላ ትጀምርልሻለች። ድምፅሽ ገና ሳይጠና ይሄን ሁሉ ማስተናገድ የለብሽም። ለቀልድ የማትመች፣ አንደበቷ የተፈታ አንዲት ዘመድ ወይም ጎረቤት አትጠፋሽም። እሷ በር ላይ ትቀመጥና ታውራልሽ፤ አንቺ በዓይንሽ እጅ ንሺ። በሹክሹክታም አታውሪ፤ እንዲያውም ድምፅን ይበልጥ ያደክመዋል። ቀስ ብሎ በተለመደው ድምፅ ትንሽ ትንሽ ማውራት ይሻላል። ሁለት ሳምንት አልፎ ድምፅሽ እንደጎረነነ ከሆነ ደግሞ በክትትል ቀጠሮሽ ላይ አንሺው። ክፍል ስትመለሺ ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ትንሽ የአንገት ማይክ ትምህርት ቤቱ ያቅርብልሽ ብለሽ ርዕሰ መምህሩን ከአሁኑ ጠይቂው።